ለቡላ መካኒክ ፍለጋ፤ ከሀና ማርያም እስከ መካኒሳ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፤ ሀና ማርያም

በጎህ የተጀመረ ጉዞ ሁሉ ሩቅ አገር አያደርስም። የእኛው ከሀና ማርያም ተነስቶ ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ብቻ ነው። ስንቃችን ግን የሩቅ መንገደኛ ስንቅ ነው፦ ሁለት ጄሪካን ውሃ፣ ከጎረቤት የተዋስነው ባትሪ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ስምንት ሙዝ፣ አንድ ፌስታል ቆሎ።

ተጓዦቹ ሦስት ነን። አንደኛዋ እኔ ሰናይት ነኝ፤ መንግሥት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሁለተኛዋ እናቴ ወይዘሮ ታደለች ናት፤ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መሪውን የያዘችው እሷ ናት። ሦስተኛዋ ቡላ ናት። ቡላ ሰይቼንቶ የምትባለዋ ትንሽ የጣሊያን መኪና ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛዋ ከፊት፣ ዓይኗ ክብ። ስሟን ያገኘችው ከቀለሟ ነው። እናቴ የገዛቻት ገና ወጣት ነርስ ሳለች ነው። እኔን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣችኝ ቡላ ናት። ወንድሜ ብሩክማ ሆስፒታል ሳይደረስ እዚያው የኋላ ወንበሯ ላይ ሊወለድ ትንሽ ነበር የቀረው።

አሁን ደግሞ ሊያባርራት ነው። ብሩክ ክፉ ሰው አይደለም። ሚስቱ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች፤ ቤቱ ጠቧል፤ አንድ ክፍል መጨመር የግድ ነው። ክፍሉ የሚሠራው ደግሞ ቡላ ስድስት ዓመት ሙሉ የቆመችበት ቦታ ላይ ነው። ግንበኞቹ ሰኞ ይገባሉ፤ ቆራሌው እሁድ ከሰዓት መጥቶ በብረት ዋጋ ሊወስዳት ተቀጣጥረዋል። ሐሙስ ምሳ ላይ እናቴ ሹሮዋን እየበላች ድንገት፣ "በእግሯ ብትሄድስ?" አለች።

"በእግሯ ሄዳ በእግሯ ከተመለሰችማ ሌላ ነገር ነው" አለ ብሩክ እየሳቀ።

እናቴ አልሳቀችም። ከምሳ በኋላ አሮጌ ደብተሯን አውጥታ አንድ ስም አሳየችኝ፦ ጋሽ ኑሪ። ቡላን ሠላሳ ዓመት ያከማት መካኒክ ነው። ጋራዡ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ነበር። ከስሙ ጎን የተጻፈው ስልክ ግን ሞባይል ከመምጣቱ በፊት የነበረ የቤት ስልክ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይሠራም።

እነሆ ቅዳሜ ሆነ። የተዋስነው ባትሪ ሞተሩን ማዞር አቃተው። ኪዳን አድርሰው ከማርያም የሚመለሱ አራት ጎልማሶች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው ሊገፉን ቆሙ።

"ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ማዘር!" አለ አንዱ።

እናቴ በመስኮት አንገቷን አወጣች። "አንተ ግፋ፤ ማርሹን ለእኔ ተወው!"

ቡላ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ሁለቴ ሳለች፣ ከዚያም የእህል ወፍጮና የልብስ ስፌት መኪና የተጣሉ የሚመስል ድምፅ አውጥታ ተነሳች። ገፊዎቻችን አጨበጨቡ። ጭሱ ስለዋጣቸው ጭብጨባቸውን ብቻ ነው የሰማሁት።

1 ሰዓት ከ10፤ ሀይሌ ጋርመንት ሊደረስ ሲል

ይህን የምጽፈው የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ቡላ ፈልታለች።

ሲጀመር ጥሩ ነበር። ጠዋቱ ብርድ ነው፤ ሱቆች ገና በራቸውን እየከፈቱ ነው፤ ዳቦ የያዙ ሰዎች ቆም ብለው ያዩናል። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ሚኒስትር የምታመላልስ ይመስል ነበር የምትነዳው። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በራ። ከኋላችን የነበረው የሚኒባስ ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ፣ "ማዘር! ማንቆርቆሪያው ፈልቷል፣ ያውጡት!" ሲል ዞር አልኩ። የኋላው መስታወት በእንፋሎት ተሸፍኗል።

እናቴ ዳር ያዘች። የሞተሩን ክዳን ከፍተን ሃያ ደቂቃ አቀዘቀዝናትና አንዱን ጄሪካን ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጥነው። ቡላ ጠጥታ ጠጥታ ግማሹን ከሥሯ አንጠባጠበችው።

"በሽተኛዋ ሰውነቷ ፈሳሽ አይዝም" አለች እናቴ። ነርስነቷ አሁንም አልለቀቃትም።

ሙዝ በላን።

2 ሰዓት ተኩል፤ ሀይሌ ጋርመንት

የጋሽ ኑሪ ጋራዥ የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማ ቆሟል። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ሕንጻውን ከታች እስከ ላይ አየችው።

"እዚህ ጋ ባሕር ዛፍ ነበር" አለች። "ኑሪ ሞተር የሚያወርደው ቅርንጫፉ ላይ በሰንሰለት አንጠልጥሎ ነበር።"

የሕንጻው ዘበኛ ባሕር ዛፉን አያውቀውም። ጋራዡን ግን ሲወራ ሰምቷል። "አሮጌ መኪና የሚሠሩ ሰውዬ ለቡ ሄዱ ሲባል ሰምቻለሁ" አለን። ለቡ ትልቅ ሰፈር ነው። ለቡ ውስጥ የት ጋ እንደሆነ ስጠይቀው እጁን ወደ ምዕራብ ዘረጋ። የእኔ ተማሪዎች እንዲህ ብለው ቢመልሱልኝ ዜሮ ነው የምሰጣቸው።

ባትሪው እየሄድን ስለተሞላ ቡላ ያለ ገፊ ትነሳለች፤ ችግሩ እንደገና ፈልታለች። ሁለተኛውንም ጄሪካን ጨረስን። አንዲት አትክልት ሻጭ ከመደቧ ሥር ባልዲ አውጥታ አቀረበችልን።

"ውሃ ከመጣ አራት ቀኑ ነው፤ ይሄ የካሮት ማጠቢያ ነው። ትጠጣው ይሆን?"

እናቴ ባልዲውን አየችው፤ ቡናማ ነው። ሳታመነታ የነጠላዋን ጫፍ በጄሪካኑ አፍ ላይ ወጥራ የካሮቱን ውሃ አጥልላ አስገባችው። ነጠላው ላይ ትልቅ ብርቱካናማ ክብ ቀረ። አንድ ኪሎ ካሮት ገዛን፤ ውለታዋን ለመመለስ።

ልንንቀሳቀስ ስንል ትራፊክ ፖሊስ መጣ። ቡላን ዞራት። ጎንበስ ብሎ የፊት መስታወቱ ላይ ቦሎ ፈለገ፤ ያገኘው የዛሬ ስድስት ዓመቱን ቦሎ ነው፤ ፀሐይ አገርጥቶት ቁጥሩ አይነበብም።

"እማማ፣ ይህች መኪና መንገድ ላይ መውጣት አትችልም።"

"አውቃለሁ ልጄ። በሽተኛ ናት። ሐኪም ጋ እየወሰድኳት ነው።"

ፖሊሱ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁን እየያዘ ነበር። "ቀጥታ ጋራዥ፣ በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ዳር ዳሩን። ከዚያ ወዲያ ሳትመረመር እንዳላያት።"

"ቀጥታ" አለች እናቴ። በዚያች ደቂቃ ቀጥታው በየት በኩል እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

4 ሰዓት፤ ለቡ

የለቡ ሰዎች ጋራዥ ስንላቸው አንድ ቦታ ነው የጠቆሙን። ግቢው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ የለም። ባለቤቱን ሠራተኞቹ "ኢንጂነር" ይሉታል። የሥራ ልብሱ ከእኔ የሰንበት ልብስ ይልቅ ንጹሕ ነው። በእጁ ገመድ ያለው ትንሽ ማሽን ይዞ ቡላን ሁለት ጊዜ ዞራት።

"መሰኪያዋ የት ነው?"

"የምን መሰኪያ?" አለች እናቴ።

"የኮምፒውተሩ። ሰክቼ ችግሯን እንዳነብ።"

እናቴ አሰበች። በቅንነት ልትረዳው ፈልጋለች። "የሲጋራ መተርኮሻ አላት" አለችው።

ኢንጂነሩ ማሽኑን አስቀምጦ እንደ ድሮው በዓይኑ ማየት ጀመረ። ብዙም አልቆየ። "ቴስታው ነው" አለ። ቴስታ የሚሉት የሞተሩን የላይኛውን ክዳን ነው። "ሙቀት አጣሞታል። ለዚህ ዕድሜ መኪና ቴስታ አይገኝም። ሞተሯን አውጥተን የባጃጅ ሞተር ብንገጥምላትስ?"

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። የሰው ልብ አውጥተን የዶሮ እናስገባ የተባለች ነው የምትመስለው። ኢንጂነሩ ይህን አይቶ ሌላ መፍትሔ አቀረበ፤ እህቱ ካፌ ልትከፍት ነው፤ ቡላን ከወገቧ ቆርጠው የፊቷን ግማሽ ግድግዳው ላይ ቢሰቅሉት፣ መብራቶቿ እየበሩ፣ ሰው ፎቶ ይነሳባታል። ልጁ ጨዋ ነው፤ የሚናገረው ሁሉ ከልቡ ነው። ለዚህም ነው እናቴ ያልተሳደበችው። "እግዜር ይስጥልኝ" ብላው ብቻ ወደ መኪናዋ ዞረች።

እኔ ግን እዚያው ግቢ ጥግ ብረት የሚቆርጥ ጎልማሳ አየሁና ሄድኩ። ማሽኑ ይጮሃል፤ ብልጭታው እስከ ጫማዬ ይደርሳል።

"ጋሽ ኑሪ የሚባሉ መካኒክ ታውቃለህ?" አልኩ በጩኸት።

"እሳቸውማ አርፈዋል እኮ!" ብሎ ጮኸ።

"ምን?"

"አርፈዋል! ዓመት አለፋቸው! ቤታቸው መካኒሳ ነው፤ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር! ልጆቻቸው እዚያው ናቸው!"

እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ኖሯል። ሰምታለች። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆመች። ቴስታው ተጣመመ ሲሏት ያልወደቀው ፊቷ አሁን ወደቀ። መኪና ውስጥ ገባን።

"ዓመት ሙሉ" አለች። "ዓመት ሙሉ አልሰማሁም። ሠላሳ ዓመት መኪናዬን የሠራ ሰው አፈር ሲገባ እኔ ቤቴ ተቀምጬ ቴሌቪዥን አያለሁ።"

"እማዬ፣ አላወቅሽም እኮ።"

"አለመጠየቅ ነው ጥፋቱ።" ነጠላዋን አወለቀችና ለለቅሶ አዘቅዝቃ ለበሰችው። የካሮቱ ምልክት ልክ ትከሻዋ ላይ ዋለ። "የቡላ ነገር ይቆይ። መጀመሪያ ለቅሶ እንድረስ።"

5 ሰዓት ተኩል፤ ወደ መካኒሳ፣ ዳገት ላይ

ለለቅሶ ባዶ እጅ አይኬድም። ከለቡ ሱቅ ባለ ስድስት እሽግ ውሃ ገዛን። ዳገቱ ላይ ቀዩ መብራት በራ።

ጄሪካኖቹ ባዶ ናቸው። እናቴ እሽጉን አየችው። እኔም አየሁት።

"ነውር ነው" አልኩ።

"ኑሪ ቢኖር ራሱ ይከፍትልኝ ነበር" አለችና ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው።

ቡላ አራት ጠርሙስ ጠጣች።

6 ሰዓት ተኩል፤ መካኒሳ፣ አረንጓዴው በር

ከመስጊዱ ጀርባ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ፣ ብረታ ብረት ቤት፣ ሞባይል ጠጋኝ። አረንጓዴው በር ፊት ቡላን አቁመን፣ የቀሩትን ሁለት ጠርሙሶች ይዘን አንኳኳን። እናቴ በሩ ገና ሳይከፈት ጀመረች።

"ወንድሜን! ኑሪዬን! ሳልቀብርህ!"

በሩ ተከፈተ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ በነጠላ ጫማ ቆመዋል። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለችና አላየቻቸውም።

"ማን ነው የሞተው?" አሉ ሰውየው በድንጋጤ።

"ኑሪ ነዋ!"

"የትኛው ኑሪ?"

"መካኒኩ!" አለች እናቴ እየተንሰቀሰቀች።

ሽማግሌው ዘወር ብለው ወደ ግቢው አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ከዚያ እናቴን በደንብ አዩዋት። "ሲስተር?" አሉ በቀስታ።

ልቅሶው ቆመ። ነጠላው ቀስ እያለ ወረደ። ሁለቱ አዛውንቶች ተያዩ፤ ከዚያ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ትከሻቸውን መታቻቸው።

"አርፏል አሉኝ! አንተ! አርፏል አሉኝ እኮ!"

"አርፌያለሁ እኮ! ሥራ ካቆምኩ ዓመት አለፈኝ!"

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሳቅኩ፤ መቆም አቅቶኝ። የጋሽ ኑሪ ምራት ዘይነባ ልቅሶውን ሰምታ እየሮጠች መጥታ ነገሩን ስትረዳ እሷም እየሳቀች በሩ ሥር ቁጭ አለች። እናቴ ግን አሁን እውነተኛውን ታለቅስ ነበር፤ እየሳቀች። ጋሽ ኑሪ ጠርሙሶቹን አዩ።

"ሠላሳ ዓመት አገልግዬሽ፣ ስሞት ሁለት ጠርሙስ ውሃ?"

"ስድስት ነበሩ። አራቱን ቡላ ጠጣች።"

የጋሽ ኑሪ ፊት ተለወጠ። "ቡላ አለች?" አሉና ሁለታችንንም አልፈው ወደ መንገድ ወጡ።

አልነኳትም። ይህን ልብ ብያለሁ። ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው ሥሯን አዩ፣ "የአገሬን ምግብ ስም ይዛ እንዲህ ትከሳ?" አሏት። እጆቻቸው ግን ሁለቱም ኪሳቸው ውስጥ ነበሩ። እናቴ የሄድንበትን ሁሉ ስትነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ሲስተር፣ እኔ መኪና መንካት ትቻለሁ። ምሳ ብሉና ሌላ ሰው እጠቁማችኋለሁ።"

7 ሰዓት፤ እዚያው፣ ምሳ ላይ

ዘይነባ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ አቀረበች። እምቢ አይባልም፤ ደግሞም ከሙዝ በቀር ምንም ነገር አልቀመስንም። ከምሳ በኋላ ሻይ መጣ። ጋሽ ኑሪ ብርጭቋቸውን ሲያነሱ ሻዩ በአራቱም በኩል ፈሰሰ። ፈጠን ብለው አስቀመጡት። እኔ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየሁ። እናቴ ግን ነርስ ናት፤ ቀጥ ብላ እጃቸውን አየች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ዓመት ይሆነዋል።" ብርጭቆውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩን፦ "አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ጥሩ ሰው። ሞተሩን ከፍቼ እያለሁ እጄ ከዳኝና ብሎን ውስጡ ወደቀ። እሱ ቆሞ ያየኛል። ብሎኑን ፈልጌ ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሰውየው ምንም አላለኝም። አመሰገነኝና ሄደ። ከዚያ መኪናውን ሌላ ጋራዥ በር ላይ አየኋት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ያለኝ ነው የገደለኝ። ስለዚህ አርፏል ያለሽ ሰው ብዙም አልዋሸ።"

እናቴ ብርጭቋዋን አስቀመጠች። "እኔም መርፌ መውጋት ያቆምኩት የአንዲት ሕፃን ደም ሥር ሦስት ጊዜ ስቼ ነው። እናቷ ምንም አላለችኝም።" ቀጠለች፦ "ቡላንም ያቆምኳት ተበላሽታ አልነበረም። ባለቤቴ ሲሞት ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆነብኝ። አቆምኳት። በመቆም ነው የተበላሸችው።"

ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ባትሪው ሞቶ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እናቴ ተነሳች። "ኑሪ፣ ጆሮህስ ይሠራል?"

"ጆሮዬማ ምን ሆኖ!"

"በቃ። ጆሮ ከአንተ፣ እጅ ከእሷ።" የጠቆመችው እኔን ነው።

"እኔ?" አልኩ። "እኔ እኮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ።"

"ታዲያ ካርታ ታነቢያለሽ" አሉ ጋሽ ኑሪ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

8 ሰዓት፤ ከቡላ ጀርባ

ረጅሙን ካቻቢቴ፣ ማለትም ብሎን መፍቻውን፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ እንዳደርግ አዘዙኝ። ሞተሩ ሲነሳ ጭንቅላቴ ውስጥ ባቡር የሚያልፍ መሰለኝ። ከዚያ እጀታውን እሳቸው ጆሮ ላይ እኔ ያዝኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልብስ ሰፊው እንኳ ፔዳሉን አቁሞ ያየናል።

"ቴስታው ደህና ነው" አሉ። "የዘይቱን መለኪያ አውጪና አሳዪኝ።" አሳየኋቸው። "አየሽ? ቴስታው ቢሄድ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ወተት ይመስል ነበር። ይሄ ጥቁር ነው፤ ጤነኛ ነው። በሽታዋ የውሃው ፓምፕ ነው። መሐሉ ያለው ዘንግ ላልቶ ይወላገዳል፤ ውሃውን ወደ ሞተሩ መግፋቱን ትቶ መሬት ላይ ያፈሰዋል።"

"መድኃኒት አለው?" አለች እናቴ።

"ገበያ ላይ የለም። ቶርኖ ቤት አለ።"

አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ፣ ቀጥሎ አሥር ቁጥር። "በግራ! ግራሽ የቱ ነው? ቀስ! አትታገይው፣ አባብዪው!" ጋሽ ኑሪ በእጃቸው ያጡትን ሁሉ በድምፃቸው ይሞላሉ። ሁለት ጥፍር ሰበርኩ። ሦስተኛው ብሎን አልፈታ ሲል ናፍጣ ቀብተን ጠበቅነው፤ እናቴ እንደ ታካሚ ሆድ እየደባበሰችው። ፓምፑ ሲወጣ ከጡጫዬ ብዙም አይበልጥም። ይህን ቁራጭ ብረት ፍለጋ ነው እንግዲህ ከጎህ ጀምረን የተንከራተትነው።

ቶርኖ ቤቱ ሁለት በር አልፎ ነው። ብረት ቀራጩ ተስፋዬ ዘንጉን በጣቶቹ አሽከረከረው፤ "ኡ…" አለ እንደ ጥርስ ሐኪም። ከነሐስ አዲስ ቀለበት ቀርጾ ዘንጉ እንዳይወላገድ አጠበቀው። ውሃ እንዳይፈስ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ግን ለዚህ መኪና የሚሆን የለም። መሳቢያውን ሲያመሰቃቅል ቆይቶ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጎሚኒ አወጣ። ለካው። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ትንሽ አሸው። ገባ።

"ልብስ ብታጥብላችሁ እንዳትገረሙ" አለ።

በፓምፑና በሞተሩ መሐል የሚገባውን ወረቀት የቆረጥኩት ቦርሳዬ ውስጥ ከነበረው የክፍል ስም መጥሪያ ማኅደር ሽፋን ነው። ጋሽ ኑሪ ቅርጹን በመዶሻ ጠርዝ ቀስ እያልኩ እንድመታው አስተማሩኝ። መሐል ላይ ተሳስቼ ስቆም የእሳቸው እጅ መጥቶ እጄ ላይ አረፈ። ይንቀጠቀጣል። ግን የሁለታችንም እጅ መዶሻው ላይ ሲሆን መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ወይም ለሁለት ተከፈለና አልታወቀም። እስከ መጨረሻው እንዲያ መታን።

9 ሰዓት ከ40 ላይ ቡላ ተነሳች። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሃያ። ቀዩ መብራት ይበራ እንደሆነ የሚያይ ሰው በዛ፤ ተስፋዬ መጣ፣ ልብስ ሰፊው መጣ፣ ዘይነባ ልጇን አዝላ መጣች። ጋሽ ኑሪ መዳፋቸውን የውሃው ቱቦ ላይ አደረጉ።

"ሞቀ" አሉ። "ግን አልፈላም።"

መብራቱ አልበራም።

10 ሰዓት ከሩብ፤ የመልስ መንገድ

ጋሽ ኑሪ አብሬያችሁ ካልሄድኩ አሉ። "ድምፅዋን መንገድ ላይ መስማት አለብኝ።" ዘይነባ ጃኬታቸውን አመጣችላቸው። የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ ጉልበቴ አገጬ ላይ፣ ከካሮቱ ጋር።

"ካምቢዮውን አታስጩኺው፣ ሲስተር።"

"ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ስትል ነበር።"

"ሠላሳ ዓመት አስጩኸሽው ነዋ!"

ለቡ ላይ አልቆምንም። ሀይሌ ጋርመንት ላይም አልቆምንም። እናቴ ለአትክልት ሻጯ ክላክስ ነፋችላት፤ ሴትዮዋ ባልዲዋን አንስታ መለሰችልን። መንገዱን ሙሉ ሁለት ነገር ብቻ ነው የተወራው፦ ማርሽና የሞቱ ሰዎች። የአባቴ ስም ሲነሳ እናቴ ፍጥነት አልቀነሰችም።

11 ሰዓት፤ ሀና ማርያም

በራችን ክፍት ነው። እናቴ ወደ ጓሮ ልትታጠፍ ስትል ፍሬን ያዘች። ቡላ የቆመችበት ቦታ ላይ አንድ መኪና አሸዋ ተራግፏል።

ብሩክ አካፋ ይዞ ቆሟል። ቡላን አየ፤ እናታችንን አየ፤ አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየ።

"እማዬ፣ የአሸዋው ሹፌር ዛሬ ነው የሚመቸኝ ሲለኝ ጊዜ… ትመለሳለች ብዬ አልጠበቅኩም።"

ቀኑን ሙሉ ያልፈራሁት ፍርሃት አሁን መጣብኝ፤ እናቴ ሞተሩን ካጠፋች ሁለተኛ የምታስነሳው አልመሰለኝም።

እናቴ አሸዋውን ለረጅም ጊዜ አየችው። "እኔም አልጠበቅኩም ነበር" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቂም የለም። ከዚያ ወደ ጋሽ ኑሪ ዞረች። "እንግዲህ አይምሽብህ። ልሸኝህ።"

"መካኒሳ ድረስ? ፖሊሱስ?"

"በውስጥ ለውስጥ፣ ዳር ዳሩን። ሰኞ ጠዋት ለምርመራ እወስዳታለሁ።" ለእኔ፣ "ውረጂ፣ ከብዳታል" አለችኝ። ወረድኩ። ቡላ በኋላ ማርሽ ወጥታ፣ ዞራ፣ ጋሽ ኑሪ በመስኮት "ቀስ! ቀስ!" እያሉ ሄደች።

ብሩክና እኔ ከአሸዋው ጋር ቀረን። ድምፅዋ እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ ከኪሱ የአዲሱን ክፍል ንድፍ አወጣና ሜትሩን መሬት ላይ ዘረጋ።

"የቡላ ወርድ ስንት ይሆናል?"

"አንድ ሜትር ከአርባ ገደማ።"

በኖራ የተሰመረውን የመሠረት መስመር በጫማው ጠረገው። አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ገባና በእንጨት አዲስ መስመር ጫረ። "ሕፃን ስንት ቦታ ይፈጃል" አለ ለራሱ። ቆሞ አየው፤ አላስደሰተውም፤ ግን አልሰረዘውም። ስልኩን አውጥቶ ለቆራሌው ደወለና "ነገ እንዳትመጣ" አለው፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም።

ከዚያ ቤት ገብቶ ሁለተኛ አካፋ ይዞ መጣና ሰጠኝ።

"ቶሎ በይ" አለኝ። "ሳትመጣ እንጥረገው።"